ለትምህርት ቤት ቴአትር መብራት እንዴት ይሠራል? ከጨለማ የሚጀምር ሙያ

በድሬዳዋ ሰኔ ሲገባ ትምህርት ቤቶች የወላጆች ቀን ያከብራሉ፤ ከሽልማቱና ከንግግሩ መካከልም የድራማ ክበቡ ለወራት የተለማመደው ተውኔት አይታጣም። ከእነዚህ ዝግጅቶች በአንዱ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ግድም፣ ከአዳራሹ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ልጇን የቀበረች እናት ሆና የምትጫወተው ተማሪ እንባዋ እየወረደ ስታንጎራጉር፣ ከጣሪያው ስምንት ፍሎረሰንት መብራቶች መድረኩንም ተመልካቹንም እኩል ያበሩ ነበር። ዓይናችን እሷን ያያል፤ ከመጋረጃው ጥግ ተራውን የሚጠብቀውን «ፖሊስ»፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክፍል ድልድል፣ ከፊት የተቀመጠውን ሰው መላጣም እንዲሁ ያያል። ቀጥሎ ተውኔቱ «ሌሊት ነው» ስለሚል አንድ ልጅ ሄዶ ማብሪያ ማጥፊያውን ተጫነው። አዳራሹ ድርግም አለ። ወዲያው ከኋላ «አቦ አብሩት! ማንን እንይ?» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሳቁም የልጅቷን ሐዘን ይዞት ሄደ።

ሁለቱም ስሕተቶች፣ ሁሉን ማብራትም ሁሉን ማጥፋትም፣ ምንጫቸው አንድ ነው፤ መብራትን የማብሪያ ማጥፊያ ጉዳይ አድርጎ ማሰብ። የመድረክ መብራት ግን ምን እንደሚታይ፣ ምን እንደሚደበቅና መቼ እንደሚገለጥ የመወሰን ሥራ ነው፤ ይህንንም ለመጀመር አራት መብራትና አንድ ጨለማ ክፍል ይበቃል።

የመድረክ መብራት ምን ይሠራል?

የመጀመሪያው ሥራው የተዋናዩን ፊት ማሳየት ነው። ይህ ለዓይን ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ ማይክሮፎን በሌለበት አዳራሽ የተናጋሪው ከንፈር ሲታይ ቃሉም ይበልጥ ይሰማል። ስለዚህ «አልሰማንም» የሚል ቅሬታ ሲመጣ ተዋናዩ ድምፁን ከፍ እንዲያደርግ ከመንገር በፊት ፊቱ ጥላ ውስጥ መሆን አለመሆኑን መመልከት ተገቢ ነው። ሁለተኛው ሥራ ተመልካቹ ወዴት ማየት እንዳለበት መንገር ነው። መብራት በሄደ ምሽት ሻማ ሲለኮስ ማንም ሳያዝ የቤተሰቡ ዓይን ሁሉ ወደ ሻማው ይዞራል። በፊልም ካሜራው ወደ ተዋናዩ ፊት ይጠጋል፤ በመድረክ ላይ ይህን የሚያደርገው ብርሃኑ ነው። ከዚያ በኋላ ጊዜንና ቦታን ማመልከት፣ እንዲሁም ስሜትን ማገዝ ይመጣሉ። ጀማሪዎች ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው፣ ማለትም ቀይና ሰማያዊ ከማብለጭለጭ ይጀምራሉ፤ በእኔ እይታ በትምህርት ቤት ቴአትር ከሁሉ የተዘነጋው ግን ሁለተኛው ነው።

ጨለማው ከየት ይመጣል?

ሠዓሊ ከነጭ ሸራ እንደሚነሣ ሁሉ የመብራት ሠራተኛ ከጨለማ ይነሣል። የትምህርት ቤት ዝግጅት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ነው። መስኮቱ ሰፊ ነው፤ የቆርቆሮው ጣሪያ በምስማር ቀዳዳው ሳይቀር የፀሐይ ጨረር ያሾልካል። መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ መሸፈን ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በድሬዳዋ፣ መስኮቱ በተዘጋ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሁለት መቶ ሰው ማስቀመጥ ተመልካቹን መቀቀል ነው። ከፍ ብላ በምትገኘውና ነፋሻ በሆነችው በሐረር ይህ ሊቻል ይችላል። በድሬዳዋ ግን ከጨርቁ ይልቅ ሰዓቱን ማስተካከል ይሻላል። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት ብዙም ርቃ ስለማትጠልቅ፣ 1 ሰዓት ላይ የሚጀመር ቴአትር ጨለማውን በነጻ ያገኛል።

ዝግጅቱ በግቢው ሜዳ ላይ በቀን የሚካሄድ ከሆነ መብራቱን ጨርሶ መተው ይመረጣል፤ ከቀትር ፀሐይ ጋር የሚወዳደር የትምህርት ቤት መብራት የለም። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው መድረኩን ወዴት ማዞር እንዳለብን ማሰብ ነው። ፀሐይዋ ከተዋናዮቹ ጀርባ ከሆነች ፊታቸው ይጠቁራል፤ ፊት ለፊት ከሆነች ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ በጎን ስትሆን ሁለቱም ይቀንሳል።

በአዳራሽ ውስጥ ሌላው የጨለማ ጠላት ነጭ ግድግዳ ነው። ኖራ የተቀባ ግድግዳ በላዩ የወደቀውን ብርሃን መልሶ ይረጨዋል፤ መድረኩ ላይ ብቻ ያበራነው መብራትም አዳራሹን ሁሉ ያዳርሳል። ከተዋናዮቹ ጀርባ ጠቆር ያለ ጨርቅ መስቀል ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ብርሃኑ ከየት አቅጣጫ ይምጣ?

ከሙያው ሁሉ የበለጠ ጊዜ የሚገባው ይህ ጥያቄ ነው፤ ለመማርም ምንም ወጪ አይጠይቅም። አንድ ጨለማ ክፍል፣ አንድ ጓደኛና አንድ የእጅ ባትሪ ይበቃሉ፤ የስልክ መብራትም ይሆናል።

ባትሪውን ከአገጩ ሥር ያድርጉት፤ ልጆች ጅብ ለመሆን ሲፈልጉ የሚያደርጉት ነው፤ ጥላው ሽቅብ ስለሚወጣ ፊቱ ያስፈራል። አሁን ከአናቱ በላይ ያውጡት፤ ዓይኖቹ ሁለት ጉድጓድ ይሆናሉ፣ አፍንጫው በከንፈሩ ላይ ጥላ ይጥላል። በድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ፎቶ የተነሣ ሰው ይህን ፊት ያውቀዋል፤ ከጣሪያ የወረደ ፍሎረሰንት በተዋናይ ላይ የሚያደርገውም ይኸንኑ ነው። ባትሪውን ፊት ለፊት በዓይኑ ትክክል ቢይዙት ሁሉም ይታያል፤ ነገር ግን ፊቱ እንደ መታወቂያ ፎቶ ጠፍጣፋ ይሆናል። ከጎን ሲያመጡት ደግሞ ግማሹ በርቶ ግማሹ ይጠፋል፤ የጉንጭ አጥንት፣ የጡንቻና የልብስ እጥፋት ጎልተው ይወጣሉ። በሐረር ጀጎል ቀጫጭን መንገዶች ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ሲሄዱ ፀሐይዋ በአንድ በኩል ብቻ ገብታ የግድግዳውን ሻካራ ገጽ አንድ በአንድ ስታሳይ የሚታየው ይህ የጎን ብርሃን ነው። ለውዝዋዜ ከዚህ የተሻለ የለም።

በመጨረሻ ከጀርባው ከፍ አድርገው ይያዙት። ፊቱ ይጠፋል፤ ነገር ግን በፀጉሩና በትከሻው ላይ ቀጭን የብርሃን መስመር ይሣላል። ይህ በእኛ ተማሪዎች ዘንድ ልዩ ጥቅም አለው። ጥቁር ፀጉር በጥቁር መጋረጃ ፊት ሲቆም ጭንቅላቱ ከመጋረጃው ጋር ይዋሐዳል፤ ከሩቅ ለሚያይ ፊት ብቻ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ከኋላ የሚመጣው ብርሃን ተዋናዩን ከመጋረጃው ይለየዋል።

እነዚህን አቅጣጫዎች ወደ አንድ ቀላል ዘዴ ያመጣው በአሜሪካ የል ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ስታንሊ ማካንድለስ ሲሆን፣ ዘዴውንም በመጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ የመድረክ ክፍል ሁለት መብራት ከፊት ይመደባል፤ አንዱ ከቀኝ፣ አንዱ ከግራ፣ ሁለቱም በ45 ዲግሪ ወደ ጎንና በ45 ዲግሪ ወደ ላይ። አንደኛው ወደ ቢጫ የሚያደላ ሞቃት፣ ሌላኛው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀዝቃዛ ቀለም ይኖረዋል። ፊቱ ሙሉ በሙሉ ይታያል፤ ሁለቱ ጎኖቹ ግን አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ቅርጹን አያጣም። ከቤት ውጭ በተፈጥሮ የምናየውም ይህንኑ ነው፤ በአንድ በኩል ፀሐይ፣ በሌላ በኩል የሰማዩ ነጸብራቅ።

45 ዲግሪን ያለ መሣሪያ መለካት ይቻላል፤ መብራቱ ከተዋናዩ ፊት በላይ ያለው ከፍታ በመሬት ላይ ካለው ርቀት ጋር እኩል ሲሆን አንግሉ 45 ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። መብራቱ የሚሰቀልበት ብረት ከአዳራሹ ወለል 3.5 ሜትር ከፍ ብሏል። መድረኩ 60 ሳንቲ ሜትር፣ የተማሪዋ ፊት ከመድረኩ 1.5 ሜትር ከፍ ይላል። ስለዚህ ፊቷ ከወለሉ 2.1 ሜትር ላይ ነው፤ ልዩነቱ 1.4 ሜትር ብቻ ይሆናል። 45 ዲግሪ ለማግኘት መብራቱ ከእሷ 1.4 ሜትር ብቻ ራቅ ማለት አለበት ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ በጣም ቅርብ ስለሆነ ከአንድ ሰው በላይ አይሸፍንም። ወደ 2.5 ሜትር ስናርቀው አንግሉ ወደ 30 ዲግሪ ይወርዳል፤ ጣሪያቸው ዝቅ ላለ አዳራሾች ይህ ተቀባይነት ያለው ስምምነት ነው። ስናርቅ ግን ሌላ ዋጋ እንከፍላለን። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ወደ ግማሽ አይወርድም፤ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ በ3 ሜትር ላይ ደማቅ የነበረው መብራት በ6 ሜትር ላይ የሚደክመው ለዚህ ነው።

አራት መብራት ብቻ ያለው ክበብ ስድስት ሜትር ስፋት ያለውን መድረክ በሁለት ከፍሎ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሊመድብ ይችላል። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ጨለማ ሸለቆ እንዳይፈጠር ብርሃናቸው በመጠኑ መደራረብ አለበት፤ ለማረጋገጥም አንድ ተማሪ ከቀኝ ወደ ግራ በዝግታ ይራመድና ፊቱ ላይ ብርሃኑ የሚደበዝዝበት ቦታ ካለ ይታያል። ተዋናዮቹ የሚቆሙበት ቦታም ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ሊደረግበት ይገባል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የቀረ ተዋናይ የመብራት ሠራተኛውን የሦስት ቀን ልፋት ከንቱ ያደርገዋል።

የትኛው መብራት ለምን ይሆናል?

በየሱቁ የሚገኘው ፓውዛ ብርሃኑን በሰፊው ይረጫል፤ ወዴት እንደሚሄድ መቆጣጠር ግን ያስቸግራል። ከበስተጀርባ ያለውን ጨርቅ ለማብራት ይጠቅማል፤ ለፊት ግን ሌላ ካለ ሌላውን መምረጥ ነው። ፓር የሚባለው ክብ ቆርቆሮ መሰል መብራት ብርሃኑን ሰብሰብ አድርጎ ወደ ፊት ይልካል፤ የሠርግ ዲጄዎች ይዘውት የሚዞሩት ባለ ኤልኢዲው ዓይነት ለትምህርት ቤት ለመዋስም ለመከራየትም ከሁሉ የቀረበ ነው። «ፓር 64» ሲባል ቁጥሩ የአምፖሉን የፊት ስፋት በኢንች ስምንተኛ የሚገልጽ ነው፤ 64 ስምንተኛ 8 ኢንች፣ ማለትም 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ፍሬኔል ደግሞ ስሙን ያገኘው ለባሕር መብራት ማማዎች እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ቀጭን ሌንስ ከሠራው ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው፤ ጠርዙ ለስላሳ የሆነ ብርሃን ይሰጣል፣ ስፋቱም ይስተካከላል።

ፕሮፋይል የሚባለው ጠርዙ እንደ ቢላ የተሳለ ብርሃን ይሰጣል፤ ጎቦ በሚባል የተበሳ ብረትም ቅርጽ ይጥላል። ጎቦ ምን እንደሆነ ለመረዳት በድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ጥላማ ጎዳናዎች መሄድ ይበቃል፤ ቅጠሎቹ ፀሐይን እየቆራረጡ በአስፋልቱ ላይ የሚያነጥፉት ነቁጥ ነቁጥ ብርሃን የተፈጥሮ ጎቦ ነው። ፕሮፋይል የሌለው ትምህርት ቤት ቅርንጫፍ ራሱን በኤልኢዲ መብራት ፊት ራቅ አድርጎ በመስቀል ተቀራራቢ ጥላ ማግኘት ይችላል።

ኤሌክትሪክ ሳይመጣ በፊትስ? እ.ኤ.አ. ከ1837 ጀምሮ በለንደን ቴአትሮች ደማቁ መብራት ኖራ ነበር፤ ሐረሮች ግድግዳቸውን የሚያነጡበት ያው ኖራ። የኖራ ቁራጭ በኦክስጅንና በሃይድሮጅን ነበልባል ሲጋል ዓይን የሚያጠፋ ነጭ ብርሃን ይሰጣል። በለንደን የሳቮይ ቴአትር እ.ኤ.አ. በ1881 በኤሌክትሪክ ከበራ በኋላ ኖራው ቀስ በቀስ ከመድረክ ወጣ።

ቀለም መቼ ይጠቅማል፣ መቼ ያበላሻል?

የብርሃን ቀለም እንደ ሥዕል ቀለም አይደባለቅም። በሥዕል ቀይና አረንጓዴ ሲቀላቀሉ ቡናማ ጭቃ ይወጣል፤ በብርሃን ግን ቢጫ ይሆናል። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን በአንድ ቦታ ሲወድቁ ነጭ ይሰጣሉ፤ የኤልኢዲ ፓር ሦስቱን ይዞ ሁሉንም ቀለም የሚያወጣው በዚህ ነው። የድሮዎቹ መብራቶች ግን ጄል የሚባል ሙቀት የሚችል ባለቀለም ፕላስቲክ ከፊታቸው ይደረግላቸዋል። የስጦታ መጠቅለያ ፕላስቲክ ጄልን አይተካም፤ በጣም በሚግለው በሃሎጅን መብራት ፊት ይቀልጣል፣ ይቃጠላልም።

ልብስ ሲመረጥ መብራቱ አብሮ መታየት አለበት። ቀይ ጨርቅ ቀይ የሚመስለው ቀይ ብርሃን ስለሚመልስ ነው፤ ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ሲወድቅበት የሚመልሰው ነገር ስለማያገኝ ይጠቁራል። በሌሊት ትዕይንት የሙሽራዋ ቀይ ልብስ ከል ሆኖ ቢታይ ጥፋቱ የልብስ ሰፊው አይደለም። ነጭ የሀገር ልብስ ደግሞ ያገኘውን ቀለም ሁሉ ይለብሳል፤ ደምቆም ከፊት ይልቅ ዓይን ይስባል፤ ስለዚህ መብራቱን በእሱ ልክ መቀነስ ያስፈልጋል። ለቆዳችን ወደ ወርቃማ የሚያደላ ብርሃን ይስማማል፤ አረንጓዴ በሽተኛ ያስመስላል፣ ሰማያዊ ብቻውን የፊትን ገጽታ ይውጣል።

ብርሃኑን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ምንድን ነው?

ዲመር እንደ ቧንቧ መክፈቻ ነው፤ የሚፈሰውን መጠን ይቆጣጠራል። ለቤት የተሠራ ኤልኢዲ አምፖል ግን በአብዛኛው ከዲመር ጋር አይስማማም፤ ይርገበገባል ወይም ድንገት ይጠፋል፤ ከመግዛት በፊት ካርቶኑ ላይ ለዲመር የሚሆን መሆኑ መጻፉን ማየት ያስፈልጋል። የኤልኢዲ ፓሮች ዲመር ከውስጣቸው አለ፤ ትእዛዝ የሚቀበሉትም እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው ዲኤምኤክስ 512 በሚባል ቋንቋ ነው። አንድ ገመድ 512 ቻናሎች፣ ማለትም የትእዛዝ መስመሮች፣ ይሸከማል፤ በእያንዳንዱም ከ0 እስከ 255 የሚደርስ ቁጥር ይላካል። እንደ ቤት ቁጥር ያስቡት። መብራቱ ሰባት ቻናል የሚፈልግ ከሆነ የመጀመሪያው ከ1፣ ሁለተኛው ከ8፣ ሦስተኛው ከ15 ይጀምራል። ሁለት መብራት አንድ ቁጥር ከተሰጣቸው አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ፤ ይህ ስሕተትም ሊሆን ይችላል፣ ሆን ተብሎ የሚደረግ ዘዴም ሊሆን ይችላል።

ከዲጄ የተዋሳችሁት ፓር ግን አንድ ጠባይ አለው፤ በድምፅ የሚነቃ ሁነታ ላይ ተትቶ ይመጣል። አንድ ጊዜ ይህን ሳናስተውል ቀርተን፣ በለቅሶ ትዕይንት ላይ ሙሾ በወጣ ቁጥር መብራቱ ከቀይ ወደ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴ ወደ ሐምራዊ ይቀያየር ነበር። ከጀርባው ባለችው ትንሽ ማሳያ ሁነታውን ወደ አንድ ቋሚ ቀለም ወይም ወደ ዲኤምኤክስ መቀየር ግማሽ ደቂቃ ነው የሚወስደው።

የአዳራሹ ኤሌክትሪክ ይችለዋል?

በአገራችን የመስመሩ ቮልቴጅ 220 ነው። በብሬከሩ ላይ የተጻፈውን የአምፔር ቁጥር በ220 ስናባዛ መስመሩ የሚችለውን ዋት እናገኛለን፤ 10 አምፔር 2,200 ዋት፣ 16 አምፔር 3,520 ዋት ይሆናል። ለረጅም ሰዓት ሲበራ ከችሎታው ከአምስት እጅ አራቱን አለማለፍ ጥሩ ልማድ ነው። በ10 አምፔር መስመር ላይ ይህ 1,760 ዋት ስለሚሆን ባለ 500 ዋት ሃሎጅን ፓውዛ ሦስት ይችላል፤ አራተኛው ሲጨመር፣ የድምፅ ማጉያውም በዚያው ሶኬት ከተሰካ፣ ብሬከሩ የሚወርደው በተውኔቱ መካከል ነው። በአንጻሩ ባለ 54 ዋት ኤልኢዲ ፓር ስምንቱ ተደምረው 432 ዋት፣ ወደ 2 አምፔር ብቻ ይወስዳሉ።

የተጠቀለለ ማከፋፈያ ገመድ ሙቀቱን መውጫ ስለሚያሳጣው ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ነው የሚሠራበት። ከሰው በላይ የሚሰቀል መብራት ሁሉ ከዋናው ማሰሪያ ሌላ ሁለተኛ የብረት ሰንሰለት ሊኖረው ይገባል። ሃሎጅን ከመጋረጃ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ከብሬከር ሳጥኑ ጋር የሚገናኝ ሥራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ እንጂ የክበቡ ተማሪ ወይም የክበቡ መምህር ድርሻ አይደለም። መብራት ቢሄድ ደግሞ በሩ አጠገብ ባትሪ ይዞ የሚቆም አንድ ሰው አስቀድሞ ይመደባል።

የ«ሌሊት» ትዕይንት ታዲያ እንዴት ይሠራል?

ወደዚያች እናት እንመለስ። መጀመሪያ በአዳራሹ ያሉት ፍሎረሰንቶች ይጠፋሉ። ከኋላና ከጎን ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ ከሙሉ ኃይሉ ሲሶ ያህል፣ ይበራል፤ ይህ «ሌሊት ነው» የሚለውን ለተመልካቹ ይነግራል። ከፊቷ ባለው በርጩማ ላይ ኩራዝ ይቀመጣል። እውነተኛ ነበልባል በጨርቅ መጋረጃ አጠገብ ስለማይፈቀድ፣ ውስጡ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አምፖል ይገባል። ያ አምፖል ፊቷን አያበራም፤ የሚያበራው ኩራዙ ባለበት በኩል ከላይ የተደበቀ ወርቃማ ፓር ነው። ተመልካቹ ኩራዙን እያየ ብርሃኑ ከእሱ የመጣ ይመስለዋል፤ ፊቷም፣ እንባዋም፣ ከንፈሯም ይታያሉ።

ይህ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ በቁጥር ይጻፋል፤ ምልክት 1፣ ምልክት 2 እየተባለ፣ በየትኛው ቃለ ተውኔት ላይ እንደሚሆንና ስንት ሰከንድ እንደሚወስድ። በትዕይንቱ መጨረሻ እናትየዋ ኩራዙን እፍ ብላ ታጠፋለች። በዚህች ቅጽበት አምፖሉን የምታጠፋው እሷ ናት፤ ወርቃማውን ፓር የሚያወርደው ግን ከአዳራሹ ኋላ የተቀመጠው ተማሪ ነው። እጁ ከትንፋሿ ከቀደመ ብርሃኑ ራሱን ያጠፋ ይመስላል፤ ከዘገየም ኩራዙ ጠፍቶ ፊቷ በርቶ ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱ፣ ሌላ ማንም በሌለበት፣ ይህችን አንዲት እፍታ ብቻ ሃያ ጊዜ ደጋግመው ይለማመዷታል።